የአጥንትን እድገት የመረመረው ጆን ሃንተር



በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የፅንስ አጥንት እንዴት እንደሚበጅ በተማርን ዕለት፣ ለዚህ ዕውቀት በጥንት ዘመን ማን ደክሞበት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ፈልጌም የጆን ሃንተርን ታሪክ አገኘሁ። ከመልካሙ ጋራ የሚያሳዝንም አለበትና ሁለቱንም እጽፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሃንተር በ1728 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። መጽሐፍ ማንበብ ስለማይወድ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ተወ። በ1748 ዓ.ም. ግን ወደ ሎንዶን ሄዶ፣ የሰውን አካል አሠራር ለሚያስተምረው ለታላቅ ወንድሙ ለዊልያም ረዳት ሆነ። በዚያም ከመጽሐፍ ያላገኘውን ዕውቀት በዓይኑና በእጁ አገኘ። በኋላም የታወቀ ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ በፈንጣጣ ክትባት ስሙ የሚነሣው ኤድዋርድ ጄነርም የእርሱ ተማሪ ነበረ።

ሃንተር አጥንት እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ፣ የአንድ አሳማ ግልገልን የእግር አጥንት በሁለት ቦታ በስቶ ትንንሽ የእርሳስ አረሮች አኖረበት። አሳማው አድጎ አጥንቱ ሲረዝም፣ በሁለቱ አረሮች መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም። ስለዚህ አጥንት የሚረዝመው እንደ ጎማ እየተለጠጠ ሳይሆን በጫፎቹ ላይ አዲስ እየተጨመረበት መሆኑን ተረዳ።

ዛሬ ከዚያ አልፈን እናውቃለን። የፅንስ እግርና ክንድ አጥንት በመጀመሪያ ካርቲሌጅ ነው፤ ይህም እንደ ጆሮአችን የሚታጠፍ ለስላሳ አካል ነው። ከሁለተኛው ወር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ካርቲሌጁ ከመካከሉ እየፈረሰ በአጥንት ይተካል። አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን በዙሪያቸው ይዘረጋሉ፤ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድንም በላዩ ይጠነክራል። ነገሩ የጭቃ ቤትን ይመስላል፤ ኮላጅኑ ማገር፣ ማዕድኑ ምርጊት ነው። ማገሩ ከተበላሸ ምርጊቱ ብቻውን አይቆምም። ስለዚህም ይህ ኮላጅን ከተፈጥሮው የተበላሸባቸው አንዳንድ ሕፃናት ገና በማኅፀን ሳሉ አጥንታቸው ይሰበራል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልመለስ። ቻርልስ በርን የሚባል እጅግ ረጅም የአየርላንድ ሰው በ1783 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ሞተ። ሬሳው በሐኪሞች እጅ እንዳይገባ በባሕር እንዲቀብሩት ተናዝዞ ነበር። ሃንተር ግን ገንዘብ ከፍሎ ሬሳውን አስወሰደና ዐፅሙን በስብስቡ ውስጥ ጨመረው። ዐፅሙ ከ200 ዓመት በላይ ለሕዝብ ሲታይ ኖረ፤ በ2023 ዓ.ም. በሎንዶን ያለው የሃንተር ሙዚየም እንደገና ሲከፈት ግን ለእይታ አልቀረበም።

ሃንተር በ1793 ዓ.ም. በሚሠራበት ሆስፒታል በስብሰባ ላይ ሲከራከር ልቡን ታምሞ ሞተ።

እኔ የሃንተርን ትጋት አደንቃለሁ፤ የበርንን ኑዛዜ መጣሱን ግን አላደንቅም። ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆን ቢኖር፣ አጥንቱን ሲመረምር የአጥንቱን ባለቤት አይርሳ።