አይንሽታይንን የሞገቱት የሒሳብ ሊቅ፤ ፖል ፔንልቬ

በሒሳብ ሊቅነትም በአገር መሪነትም ስሙ የተጠራ ሰው ብዙ አይገኝም። ፈረንሳዊው ፖል ፔንልቬ ግን ሁለቱን አጣምረው የያዙ ሰው ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው በሒሳብ ትምህርት ገነኑ፤ በ1908 ዓ.ም. ከአሜሪካዊው ዊልበር ራይት ጋር በአውሮፕላን ተሳፍረው ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆዩ፤ በ1917 ዓ.ም. በታላቁ ጦርነት መካከል የጦር ሚኒስትር፥ ቀጥሎም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው ግን ስለ ሥልጣናቸው ሳይሆን፥ በፕሮፌሰር አይንሽታይን የአንጻራዊነት ትምህርት ላይ ስላነሡት ጥያቄ ነው።

በ1919 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ የእንግሊዝ ሊቃውንት የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ስለ ለኩ፥ የአይንሽታይን ዝና በዓለም ተሰማ። ፔንልቬ ግን ከኒውተን ጀምሮ የቆመው ትምህርት እንዲሁ በቀላሉ ሊተው አይገባም በማለት በ1921 ዓ.ም. ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ጽሑፍ አቀረቡ። በዚህም ከአይንሽታይን ሕግ ጋር የሚስማማ፥ ነገር ግን ጀርመናዊው ሽቫርትስሺልት በ1916 ዓ.ም. ካወጣው የተለየ ቀመር አሳዩ። አንድ ሕግ የተለያየ ቀመር ከፈቀደ እውነተኛው የትኛው ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

በ1922 ዓ.ም. አይንሽታይን ከበርሊን ወደ ፓሪስ መጡ። የጦርነቱ ቁስል ገና ስላልጠገገ እንግዳውን በክፉ ዓይን የሚያይ ብዙ ነበር። ጀርመንን በጦር ሚኒስትርነት የተዋጉት ፔንልቬ ግን በኮሌዥ ደ ፍራንስ ፊት ለፊት በአክብሮት ተከራከሩ። አንደኛው ጥያቄያቸው ሄዶ ስለሚመለስ ባቡር ነበር። እኛ በአገራችን መንገድ እናስረዳው። ሁለት ሰዓቶች በከሚሴ ተስተካክለው አንዱ እዚያው ቀረ፤ ሁለተኛው በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ደርሶ ተመለሰ እንበል። የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት ለጊዜው ከተውነው፥ በአይንሽታይን ትምህርት የተጓዘው ሰዓት ለመለካት በሚያስቸግር ኢምንት ልዩነት ወደ ኋላ ይቀራል። ታዲያ እንቅስቃሴ አንጻራዊ ከሆነ፥ ተሳፋሪው እኔ ቆሜአለሁ፥ የሄደችውና የተመለሰችው ከሚሴ ናት ቢል ምን ይመለስለታል? መልሱ፥ ኮምቦልቻ ላይ የዞረው አውቶቡሱ ነው የሚል ነው። ሲቆምና ሲዞር ተሳፋሪው በሰውነቱ ተሰምቶታል፤ በከሚሴ የቀረው ግን ምንም አልተሰማውም። ስለዚህ የሁለቱ ሁኔታ እኩል አይደለም።

የቀመሩ ክርክር ግን ቆየ። በ1933 ዓ.ም. የቤልጂጉ ተወላጅ ቄስ ዦርዥ ለሜትር፥ የፔንልቬና የሽቫርትስሺልት ቀመሮች አንድ አገር በሁለት ካርታ እንደ ተሣለ ያህል አንድ መሆናቸውን አስረዱ። በዚያው ዓመት ፔንልቬ ዐረፉ፤ በፓሪስም የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓንቴዎን ተቀበሩ።

ትምህርቱን ለመፈተን ያወጡት ቀመር ግን አልተቀበረም። ዛሬ ሊቃውንት ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወድቀውን ነገር ሁኔታ የሚመረምሩት ብዙ ጊዜ በዚሁ ቀመር ነው። በዕውቀትና በቅንነት የተነሣ ጥያቄ፥ ጠያቂው ቢረታ እንኳ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።