ዶክተር ጂም ግሬይ፤ ታላቁን መዝገብ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ያካፈሉ ሊቅ

አንድ መዝገብ እጅግ ሲበዛ በአንድ ኮምፒዩተር አይያዝም፤ ለብዙዎች መካፈሉ ግድ ነው። ማካፈሉስ ቀላል ነው፤ የተካፈሉት ኮምፒዩተሮች ቃላቸው አንድ እንዲሆን ማድረግ ግን ጭንቅ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊው ዶክተር ጂም ግሬይ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚሁ ጭንቅ ላይ ነው።

የተወለዱት በ1944 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1969 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም በአይ ቢ ኤም የሳን ሆሴ ምርምር ክፍል፣ መረጃን በሠንጠረዥ የሚይዘውን ሲስተም አር የተባለ ዳታቤዝ ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ።

ጭንቁን በምሳሌ እንየው። የከፋዩ ሒሳብ በአንዱ ኮምፒዩተር፣ የተቀባዩ በሌላው ተመዝግቧል እንበል። መቶ ብር ከአንዱ ተቀንሶ በሌላው ሳይደመር መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ የት ገባ? ዶክተር ግሬይ በጽሑፋቸው ያብራሩት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አስተባባሪው ኮምፒዩተር አስቀድሞ ሁሉም ዝግጁ መሆናቸውን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ከመመለሱ በፊት የሚሠራውን በማይጠፋ ማስታወሻ ያሰፍራል፤ ሁሉም እሺ ካሉ ሥራው ይጸናል፤ አንዱ እንኳ እምቢ ቢል ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። ነገር ግን አስተባባሪው በመካከሉ ቢወድቅ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሊጠብቁ ይችላሉ። ዛሬም መሐንዲሶች አብሮ የሚለወጠውን መረጃ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ለማሰባሰብ የሚደክሙት ስለዚህ ነው። እኛ ግን ገንዘብ ከሚጠፋ ሥራ ቢዘገይ ይሻላል እንላለን።

በ1980 ወደ ታንደም፣ በ1995 ወደ ማይክሮሶፍት ኩባንያ ተሻገሩ። በ1998 የቱሪንግን ሽልማት አገኙ፤ በዚያው ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቴራሰርቨርን ለሕዝብ ከፈቱ። ይህም ከአየርና ከሳተላይት የተነሡ የምድር ፎቶግራፎች በትንንሹ ተቆራርጠው የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር ላይ ነበረ፤ በኋላ ዋጋቸው ረከስ ላሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ተካፈለ።

ጃንዋሪ 28 ቀን 2007 ዶክተር ግሬይ የእናታቸውን አስከሬን አመድ በባሕር ላይ ሊበትኑ፣ በሸራ ጀልባቸው ብቻቸውን ወደ ፋራሎን ደሴቶች ተጓዙ፤ አልተመለሱም። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ለቀናት ፈለጓቸው። ወዳጆቻቸውም ባሕሩ በሳተላይት ፎቶግራፍ እንዲነሣ አደረጉ፤ ፎቶግራፉ ተቆራርጦ በኢንተርኔት ለብዙ ሺሕ በጎ ፈቃደኞች ታደለ፤ እያንዳንዱም የደረሰውን ቁራጭ መረመረ። ጀልባይቱ አልተገኘችም። በ2012 እንደ ሞቱ በሕግ ተቆጠረ።