ሊዮ ፌንደር፤ የባስ ጊታርን ድምፅ ከሣጥን ሣጥን ያሻገረ ባለሙያ

የኤሌክትሪክ ባስ ጊታር በሚደመጥበት ሥፍራ ሁሉ ስሙ የማይዘነጋው ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር፣ በተለምዶ ሊዮ ፌንደር፣ ጊታር መጫወት ሳይማር የኖረ ሰው ነበር። የሙዚቀኛውን ችግር የተረዳው በጣቱ ሳይሆን በጆሮውና በጥገና ጠረጴዛው ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም አካባቢ፣ ብርቱካን ከሚያለሙ ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን አጣ። አጎቱ በእጁ ከሠራው ራዲዮ የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ ግን ልቡን ማረከው። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ካገለገለ በኋላ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ሥራውን በማጣቱ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ቤት ከፈተ። ለጥገና የሚመጡለት ማጉያዎች የቱ ላይ እንደሚበላሹ እየተመለከተ፣ የራሱን መሥራት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ የባስ ተጫዋች ችግር ሁለት ነበር። ኮንትራባሱ ለመጓጓዣ አይመችም፤ ድምፁም በከበሮና በመለከት መካከል ይሰጥማል። ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ባስን፣ በ1952 ደግሞ ባስማን የተባለውን ማጉያ አወጣ። የባሱ ዝቅተኛ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ፣ ብዙ አየር የሚገፋ ስፒከር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ተጠቀመ፤ ቆይቶም በአራት ባለ 10 ኢንች ተካው። ባለ 8 ኦም የሆኑት አራቱ ስፒከሮች በትይዩ ሲያያዙ ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል፤ የማጉያው ትራንስፎርመርም የተጠመጠመው ለዚሁ ልክ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማጉያውንና የስፒከር ሣጥኑን ለየብቻ አደረጋቸው። በብዙዎቹ ማጉያዎቹ ጀርባም ከዋናው መሰኪያ ጋር በትይዩ የተያያዘ፣ ለተጨማሪ ሣጥን የሚሆን ሁለተኛ መሰኪያ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ከደሴ ወጣ ብሎ በገራዶ ሜዳ ድንኳን ተጥሎ ሠርግ ቢደገስ፣ የባሱን ድምፅ አንጸባርቆ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ተመሳሳይ ሁለተኛ ሣጥን ቢጨመርና ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አየር የሚገፋው ስፋት እጥፍ ስለሚሆን፣ የማጉያው ኃይል ሳይጨምር እንኳ የባሱ ድምፅ እስከ 3 ዴሲቤል ሊጎላ ይችላል።

ይሁን እንጂ መሰኪያው መኖሩ ማንኛውንም ሣጥን ለመሰካት ፈቃድ አይደለም። ባለ 8 ኦም ሣጥን ላይ ሌላ ባለ 8 ኦም በትይዩ ሲታከል ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ሲገናኙ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። የፌንደር የቫኩም ቱቦ ማጉያዎች መጠነኛ ልዩነትን የመታገሥ ጠባይ ነበራቸው። በትራንዚስተር የሚሠራ ማጉያ ግን ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ እጥፍ ይሆንበታል፤ ከተፈቀደለት ልክ ካለፈና መከላከያ ከሌለው የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። ስለሆነም ሽቦ ከመቀጠል አስቀድሞ፣ በማጉያው ጀርባ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም ማንበብ የባለሙያው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ፌንደር በጤና መታወክ ምክንያት ኩባንያውን በጃንዋሪ 1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሀብቱ ግን ከሥራ ጠረጴዛው አላራቀውም፤ በሙዚክ ማን፣ ቀጥሎም በጂ ኤንድ ኤል አዳዲስ መሣሪያዎችን ሲሠራ ኖረ። የፓርኪንሰን ሕመም እጁን ቢያንቀጠቅጠውም እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ወደ ሥራ ቦታው ይመላለስ ነበር። ማርች 21 ቀን 1991፣ በ81 ዓመቱ፣ በፉለርተን ዐረፈ።

ለሙያ ጓዶቹ የተወው ትምህርት፣ የመሣሪያ ሠሪ ብልሃት ኃይልን በማብዛት ብቻ እንደማይለካ ነው። ማጉያና ሣጥን ልክ ለልክ ሲገናኙ አነስተኛው ኃይል ሩቅ ይሰማል፤ ልኩ ሲዘነጋ ግን ታላቁም ማጉያ በድግሱ መካከል ዝም ይላል።