አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ፦ የወንድን ዘር አይቶ የሴትን እንቁላል የካደው ሆላንዳዊ

እአአ በ1677 አንድ የጨርቅ ነጋዴ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዝዳንት ደብዳቤ ጻፈ። በገዛ ዘሩ ጠብታ ውስጥ ጅራታቸውን እያወዛወዙ የሚዋኙ እልፍ ሕያዋንን ማየቱን ገለጸ። ነገሩ ነውር መስሎ ከታየ ግን ደብዳቤው ሳይታተም እንዲቀር ፈቀደ።

ጸሐፊው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ነበር። በ1632 የተወለደው በዘ ሄግና በሮተርዳም መካከል በምትገኘው ዴልፍት ነው። በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ፤ በ1654 ተመልሶ ሱቅ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑን የሊቃውንት ቋንቋ ላቲንንም አያውቅም። ሆኖም በእጁ ከሠራቸው ማይክሮስኮፖች አንዱ ነገሮችን 270 እጥፍ ገደማ ያጎላ ነበር።

ከሮያል ሶሳይቲ ጋር በ1673 ያስተዋወቀው የዴልፍቱ ሐኪም ሬይኒየር ደ ግራፍ ነው። የዘ ሄጉ ባለቅኔ ኮንስታንታይን ሃይገንስም ስለ ሥራው መሰከረለት። ደ ግራፍ ከዓመት በፊት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን ጨምሮ አጥቢዎች ከሴቷ እንቁላል እንደሚገኙ ተከራክሮ ነበር። በዚያው በ1673 ግን በ32 ዓመቱ አረፈ።

ከአራት ዓመት በኋላ ዮሃን ሃም የተባለ የሕክምና ተማሪ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ የዘር ፈሳሽ ለሌዌንሁክ አመጣለት፤ በውስጡ ሕያዋን ማየቱንም ነገረው። ሌዌንሁክ ይህ የበሽታ ውጤት እንዳልሆነ ከጤነኛ ሰው በተገኘ ዘር አረጋገጠ። ከዚያም የውሻን፣ የጥንቸልንና የዓሣን ዘር መረመረ።

ስሕተቱም የመጣው ከዚሁ ድል ነው። ግራጫ የዱር ወንድ ጥንቸሎች ከነጭ ሴቶች ጋር ሲዳቀሉ ግልገሎቹ ሁሉ ግራጫ መሆናቸውን አስተዋለ። ስለዚህ ፅንስ ከአባት ብቻ እንደሚመጣ ደመደመ። ማሕፀን ለእርሱ ዘር የሚዘራበት ማሳ ነበር። ደ ግራፍ እንቁላል ያላቸው ከረጢቶችም በጠባቡ ቱቦ ለማለፍ እጅግ ትልቅ ናቸው ሲል ተቃወመ። በዚህ አልተሳሳተም፤ እውነተኛው እንቁላል በከረጢቱ ውስጥ ያለ ረቂቅ ነገር ነውና።

ሌዌንሁክ በ1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት እምነቱን አልለወጠም።

የአጥቢዎችን እንቁላል በ1827 ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በውሻ ላይ አገኘ። ሁለቱ እንዴት እንደሚተዋወቁ የታወቀው ግን በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች በወንዱ ዘር ላይ ያለውን ኢዙሞ የተባለ ፕሮቲን ለዩ፤ በ2014 ደግሞ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በእንቁላሉ ላይ የሚቀበለውን ጁኖን አገኙ። በአይጦች ላይ እንደታየው ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዘሩና እንቁላሉ አይዋሐዱም። የዴልፍት ሁለት ሊቃውንት የየድርሻቸውን ግማሽ እውነት ይዘው ነበር።