በነቀምቴ ያረፉት ነርስ

ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡም ካንሰር ይዟቸው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ ወጣቶችን የማያውቅ ቁምስና በመካከላችን የለም። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝና ተራ መጠበቅ ለእነርሱ የሕመሙ አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። ትዳር በያዙ ማግሥት፣ ሥራ በጀመሩ ሰሞን መታመን ደግሞ ከሽማግሌ ሕመም የተለየ ፈተና አለው። እነዚህን ወጣቶች ስናስብ፣ በ22 ዓመታቸው በዚችው በከተማችን ያረፉ አንዲት ነርስ ትዝ ይሉናል። ሕመማቸው ካንሰር አልነበረም፤ ዕድሜያቸውና ያረፉበት ስፍራ ግን ከእነዚህ ልጆቻችን ጋር ያቀራርባቸዋል።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ሲሆኑ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ በባላቸው አገር በመቀሌ ገና በወጣትነታቸው በ1926 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጠላት አገራችንን ወረረ፤ ልዕልት ፀሐይም ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

በስደት የሚኖር የንጉሥ ልጅ ሐዘኑን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ በዚያ ዘመን ከመጽሐፍ ይልቅ በጉልበት የሚማሩት ነበር፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ከታመመ ሕፃን አጠገብ ሌሊቱን መንቃት። በቤተ መንግሥት አገልጋዮች የነበሯቸው ልዕልት አገልጋይ ሆኑ። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ተመርቀው ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል አለፉ፤ ለንደን በአውሮፕላን ቦምብ በምትደበደብበት ጊዜም በዚያው ከተማ በሽተኞችን ያስታምሙ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወደ ወለጋ ስለ ተሾሙም አብረው ያን ጊዜ ለቀምት ትባል ወደ ነበረችው ከተማችን መጡ።

ትዳሩ አራት ወር አልሞላም። ነፍሰ ጡር ሳሉ ጽኑ ሕመም አገኛቸው፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በክረምቱ እኩሌታ፣ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ዐረፉ። የወለጋን ነሐሴ የሚያውቅ ሰው ዝናቡንና ጭቃውን በዓይነ ኅሊናው ማየት አያቅተውም። የሕመምን ምልክት ማንበብ የተማረ ሰው ሲታመም፣ በዙሪያው ያሉት የማያዩትን ያያል፤ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት የሚሆነውን ያውቃል። ካንሰር ያለባቸው ወጣቶቻችንም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ዘመድ ከእነርሱ ሊሸሽግ የሚደክምበትን ነገር አስቀድመው ያውቁታል፤ እኛም ጠያቂዎቻቸው ይህን እየዘነጋን በባዶ ማጽናኛ እናደክማቸዋለን።

ልዕልት ፀሐይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ፤ ዐፅማቸውም በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። አባታቸው፣ የኢትዮጵያ ወዳጅ ከነበሩት እንግሊዛዊት ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር በመተባበር በስማቸው ሆስፒታል ለማሠራት ተነሡ፤ ወይዘሮ ሲልቪያም በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ሲያሰባስቡ ዓመታት ቆዩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።