ኒኮላስ ስቴኖ
ኒኮላስ ስቴኖ (በዴንማርክኛ፦ ኒልስ ስቴንሰን፤ 1638 – 1686 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ ሐኪምና የሥነ ምድር ተመራማሪ ነበር። የተወለደው ኮፐንሃገን ሲሆን አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር።

በ1666 በጣልያን አገር በሊቮርኖ አጠገብ ግዙፍ ሻርክ ተያዘ። የቶስካና ታላቅ መስፍን ዳግማዊ ፈርዲናንዶ ጭንቅላቱ ፍሎረንስ ለነበረው ስቴኖ እንዲላክ አዘዘ። ስቴኖ ሲመረምረው ጥርሶቹ ሰዎች ከማልታ አለት እየለቀሙ ለመርዝ ማርከሻ የሚይዟቸውን «የምላስ ድንጋዮች» መሰሉ። ብዙዎች እነዚህ ድንጋዮች ከመሬት ውስጥ በራሳቸው የሚያድጉ ይመስላቸው ነበር።

የሻርክ ጥርስ መሆናቸውን ጣልያናዊው ፋቢዮ ኮሎና በ1616 ጽፎ ነበር። ስለዚህ የስቴኖ ዋና ሥራ መመሳሰሉን ማየቱ ሳይሆን ማስረጃው ነው። አለት ውስጥ የሚያድግ ነገር ዙሪያውን መሰንጠቅ ነበረበት፤ ጥርሶቹና የባሕር ዛጎሎቹ ግን አለቱን አልሰነጠቁትም፤ እንዲያውም አለቱ የእነርሱን ቅርጽ ይዟል። እንግዲህ ቀድመው የነበሩት እነርሱ ናቸው፤ አለቱ በላያቸው የረጋ ደለል ነበር። ከዚህም ተነሥቶ በ1669 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ንብርብር አለት ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድም አስረዳ።

ስቴኖ በ1667 ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ በ1677 ጳጳስ ሆነ፤ የሳይንስ ምርምሩንም ተወ። ያረፈው በጀርመን አገር በሽቬሪን ከተማ ነው።