የታሪክ አባት የተባለው ሄሮዶቱስ

ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም እንሰማለን። ምኑ ተጽፎ ምኑ ይቅር የሚለው ነገር ጥንትም ያስቸግር ነበርና የግሪኩን ሄሮዶቱስን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን።

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ484 ዓመት ገደማ በሃሊካርናሰስ ተወለደ። ይህች የወደብ ከተማ ዛሬ በቱርክ አገር ቦድሩም የምትባለው ናት። የከተማይቱ ገዢ ግፈኛ ስለነበር ወደ ሳሞስ ደሴት ተሰደደ ይባላል። በኋላም ብዙ አገር ዞረ። በግብፅ በኩል ዓባይን ሽቅብ ይዞ አስዋን አጠገብ እስካለችው ኤሌፋንቲን ደረሰ። በሄደበት ሁሉ ካህናቱንና የአገሩን ሰው እየጠየቀ የሰማውን ያዘ።

የጻፈውም ትልቅ ሥራ ከጊዜ ብዛት እንዳይረሳ ብሎ ነው። ፋርሶች የግሪክ ጠላቶች ሆነው ሳለ የእነሱንም ጀግንነት አልደበቀም። ለዚህም ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ፕሉታርክ ክፉኛ ነቅፎታል።

ሄሮዶቱስ ስለ ፋርሱ ንጉሥ ስለ ቂሮስ አራት ዓይነት ወሬ ያውቅ ነበር፤ ሳያጋንኑ ከሚያወሩት የሰማውን መረጠ። መምረጥ ሲያቅተው ደግሞ ሁለቱንም ይጽፋል። የተባለውን መናገር ግዴታው እንደሆነ፣ ሁሉን ማመን ግን ግዴታው እንዳልሆነ አስታውቋል።

የዚህ ጥቅሙ በአንድ ነገር ይታያል። የግብፅ ንጉሥ ኔካው የላካቸው የፊንቄ መርከበኞች ከቀይ ባሕር ተነስተው አፍሪካን ዞሩ፤ ሲዞሩም ፀሐይ በቀኛቸው ሆነች አሉ። ሄሮዶቱስ ይህን አላመነም፤ ቢሆንም ጻፈው። ዛሬ እንደሚታወቀው ከምድር ወገብ በታች ወደ ምዕራብ ለሚቀዝፍ ሰው የቀትር ፀሐይ በቀኝ ነው የምትውለው። እንግዲህ ያላመነውን ቢሰርዘው ኖሮ ለጉዞው ዋናው ማስረጃ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

በ480 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በቴርሞፒሌ የተሰለፉትን የ300ዎቹን እስፓርታውያን ስም ሁሉ ጠይቆ ማወቁንም ገልጿል። በመጨረሻ በደቡብ ኢጣሊያ ቱሪ በምትባል ከተማ ኖሮ በ425 ገደማ እንዳረፈ ይገመታል።

እኛም የሟቻችንን ታሪክ ስናጽፍ ከአንድ ሰው ብቻ አንጠይቅ። ቤተሰቡንም፣ ጎረቤቱንም፣ የሥራ ባልደረባውንም እንጠይቅ። ቃላቸው ባይስማማ እንኳ አንዱን ቶሎ አንሰርዝ፤ ሰውየው አንዴ ከሄደ ማን ይነግረናል?